በአማና የተሰጠኝ ፀጉር

ሚስቴ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ዕለት ጠዋት፣ ልጃችንን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራላት ቆየች። ልጅቱ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። የመጨረሻዋን ጉንጉን ጫፏን በጥቁር ክር ከቋጠረች በኋላ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ፀጉሯን አማና ብዬሃለሁ» አለችኝ። ጤናዋን አላለችም፤ ምግቧን አላለችም፤ ፀጉሯን። እኔ ደግሞ በባሕርዬ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝና ተቆጣሁ። ሰው ባሕር ሊሻገር ሲነሣ ለባሉ የሚለው ይኼ ነው? «እኔስ? እኔን ለማን አማና ሰጠሽኝ?» አልኳት። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ራስህን ትላጫለህ» ብላ ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም፤ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ።

አማና በእኛ በወሎ ቀልድ አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚፈራው ቃል ነው። ሰው አንድ ነገር አማና ብሎህ ከሄደ የራስህ ቢጠፋ ይጥፋ እንጂ የሱ አይነካም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ። የተሰጠኝ በግ ቢሆን አስሬ አሳድረው ነበር፤ ልብስ ቢሆን ሣጥን ውስጥ እቆልፍበት ነበር። ፀጉር ግን እንዴት ተደርጎ ይጠበቃል? ያውም በዚያ ላይ አድጎ እንዲቆይ ነው የተፈለገው። «ስመለስ ወገቧ ደርሶ ልየው» ብላኛለች።

ፍርሃቷ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሴቶች የሰው ሴት ልጅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ራሷን ነው። ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ግንባሯ ዳር የሳሳ ከሆነ ከንፈራቸውን ይመጥጡና፣ «እናት የላትም መሰል» ይላሉ። ሚስቴ ይህን ከንፈር መምጠጥ ታውቀዋለች። ወግዲ ውስጥ ያደገችው ከእንጀራ እናት ጋር ነው፤ ማን ተጨንቆ ያበጥራታል ተብሎ በመጣ በሄደ ቁጥር ራሷን ሲላጯት ነው ያደገችው። ልጇ እናት እያላት እናት የሌላት እንዳትመስል ነበር የፈራችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራሁት ይህንኑ ነው።

ለነገሩ እንድትሄድ ያደረጋት የኔ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው በላይ ካለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ቀሚስም ኮትም እሰፋ ነበር። መንግሥት ተቀይሮ መንገዱ ሲከፈት ልባሽ ጨርቅ ከደሴ በጭነት መኪና እየመጣ ይራገፍ ጀመር፤ ሰዉም ማሰፋቱን ተወው። እኔ ቁልፍ ተካይና ሱሪ አሳጣሪ ሆኜ ቀረሁ። ሚስቴ አንድ ቀን፣ «ሁለታችንም ተቀምጠን ከምንተያይ አንዳችን እንሂድ» አለች። ዐረብ አገር ደግሞ የሚፈልገው ሴት ነው። ለዑምራ ወደ መካ ብላ ወጣችና ጅዳ ቀረች።

ሹሩባ ዕድሜ አለው። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መፈታት፣ መታጠብ፣ መቀባት አለበት። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ሊፈታ ሲባል ልጅቱ ራሷን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ፣ «እማ የሠራችው ነው! አይፈታም!» ብላ ትጮሃለች። ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ታለቅሳለች። እኔ ሱሪ ለብሼ፣ ቁመቴ ጣራ እየነካ፣ አንዲት ፍሬ ልጅ አቃተችኝ። ደግሞስ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ሆዴ እምቢ አለኝ። ከእናቷ እጅ የቀረን ሥራ ያ ብቻ ነበር። አጠራሯን፣ ሽሮዋን ሰው ይረሳል፤ ያ ጉንጉን ግን በየጠዋቱ ዐይኔ ሥር ነበር።

እንዲህ እያልን ከረምን። ሹሩባው ደረቀ፣ አበጠ፣ ከሥሩ ተነሥቶ ቆመ። ልጅቱ ማከክ ጀመረች፤ ቅማል ገባበት። በመጨረሻ ከጎናችን ያሉት ጎረቤት መጡ። በዕድሜ የእናቴ ታናሽ የሚሆኑ፣ በሰፈሩ ሹሩባ በመሥራት የታወቁ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጅቱን አባብለው ጭናቸው ላይ አስተኙና ሊፈቱት ሞከሩ። አይፈታም። ፀጉሩ ከፀጉሩ ተጣብቆ አንድ ጨርቅ ሆኗል። «መቀስ አምጣ» አሉኝ። በጨርቅ መቀሴ እየተቆረጠ ወረደ። ልጅቱ አላለቀሰችም። መሬት የወደቀውን እየለቀመች ቀሚሷ ላይ ሰበሰበችው፤ ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ «አባ፣ እማ አለቀች» አለችኝ። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ካሴት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር እኛ ጋ አልደረሰም፤ ዐረብ አገር ያለ ሰው ድምፁን ካሴት ላይ ቀርጾ በሚመለስ ሰው ይልካል። የሚስቴን ካሴት አንዲት የአቀስታ ልጅ ደሴ አድርሳው፣ ከደሴ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ እኛ ጋ ገባ። ሰፈሩ በሙሉ ቤቴ ተሰበሰበ። የፊተኛው ገጽ ሰላምታ ነው፤ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የሞተውን ሰው ሳይቀር እየጠራች «እንዴት ናችሁ» ትላለች። ሁለተኛውን ገጽ ስናዞር፣ «አሁን ሌላ ሰው ካለ ይውጣ፤ ይህ ለአባቷ ነው» አለች። ሰዉ ሳቀ እንጂ የወጣ አልነበረም። እኔም ሚስቴ የፍቅር ነገር ልትነግረኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ስለ ፀጉር ነው። «በደረቁ አታበጥሩት። ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ እንጂ ከራሷ ወደ ታች አትጎትቱት። በሳምንት አንዴ እጠቡት፤ በልብስ ሳሙና ግን አደራ። እርጥቡን በሻሽ አትሸፍኑት። ማታ ማታ ለስላሳ ጨርቅ እሰሩላት፣ ሰሌኑ እንዳይበላው። ቅቤ አይለያት። እንቁላልና ወተት ካለ ለሷ ይሁን፤ ፀጉር ከሆድ ነው የሚበቅለው።» እንዲህ እየቆጠረች ሳለ ከሩቅ አንዲት ሴት በዐረብኛ ጠራቻት። ሚስቴ በደረቅ ድምፅ፣ «መጣሁ» ብላ መለሰች። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ አለና ዝም አለ። እኔ ሚስቴ ስትጠራ መስማቴ ነበር የቆጨኝ፤ ተነሥቼ «ትንሽ ታገሷት፣ እያወራች ነው» ልል ምንም አልቀረኝም።

ትእዛዙን በማግሥቱ ሥራ ላይ አዋልኩት። ቅቤ ነው ያለችው፤ ቅቤ ደግሞ ቤት ውስጥ አለ። እሷ ራሷ ከመሄዷ በፊት አንጥራ በቅል ያስቀመጠችልኝ ነው። ከዚያ ዝቄ፣ እጄን ሳልሰስት፣ የልጅቱን ራስ ከግንባር እስከ ማጅራት ለቀለቅኩት። ሽታው ሸጋ ነው፤ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ እርዱ። የሚቀባው ለጋ ቅቤ እንጂ ወጥ የሚሠራበት ንጥር እንዳልሆነ የሚያውቅ ወንድ በዚያን ጊዜ አገሩ ላይ ስንት እንደነበር እንጃ። ልጅቱ ቁርአን ልትቀራ ሄደች። ጠዋት ብርድ ስለነበር ምንም አልነበረም። ፀሐይ ሲወጣና ቅቤው ሲቀልጥ ግን ግንባሯ ላይ ቢጫ መስመር ወረደ፤ ቁርአን የሚያስቀሯት ኡስታዝም ማስቀራቱን አቋርጠው፣ «ማን ነው ምሳ ይዞ የገባ?» አሉ አሉ። ወደ ቤት ስትመለስ ሁለት ውሾች ተከትለዋት መጡ።

እትዬ ይህን ሲያዩ ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ፤ መቆም አቅቷቸው። «ኸረ ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ፣ ልጂቱን ልትቀባት ነው ወጥ ልትሠራባት?» እያሉ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «ወጥ ወጥ ትሸቻለሽ አሉኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይህ የሴት ሥራ ነው፣ ለሴት ይሰጥ። ፀጉሯን ለእትዬ አስረከብኩ።

እትዬ ሥራቸው ንጹሕ ነው። የፀጉሯ መክፈያ ፈርቁ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ጉንጉኑ ቀጭን፣ ሁሉም እኩል። ግን ያጠብቁታል። ሲያጠብቁት ደግሞ ከጭካኔ አይደለም። በእኛ አገር ሁሉም ሴት የምታምነው ነው፤ ፀጉር ሲሳብ ይረዝማል፣ ላላ ሲል ባለበት ይቀመጣል ይባላል። «ካላመማት አላደገም» ይላሉ እትዬ፣ ጉልበታቸው መሐል ልጅቱ እግሯን እያወራጨች። ተሠርታ ስትመጣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ሁልጊዜ የተገረመች ትመስላለች። ስትተኛ ዐይኗ በደንብ አይገጥምም። ሁለት ቀን ራሷን ትራስ ላይ ማስነካት አትችልም። እኔም «አይዞሽ፣ አብሽሪ፣ እንዲያድግ ነው» እላታለሁ፤ እንዲያድግ መስሎኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከጆሮ ግንዷ በላይ ያለው ፀጉር መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ትናንሽ ነጫጭ ብጉሮች በግንባሯ ዳር ወጡ፤ ብጉሩ ሲደርቅ ፀጉሩም አብሮ ሄደ። ከዚያ በሁለት ወገን አውራ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ታየ። እትዬ ይህን ሲያዩ፣ «ደክሟል፣ ጠበቅ ላርግላት» አሉ። ጠበቅ አረጉላት።

በዚህ መሐል ሁለተኛው ካሴት መጣ። ፎቶ ላኩልኝ ትላለች። ፎቶ ቤት ወስጄ፣ ሻሽ ራሷ ላይ አስሬ፣ ከግንባሯ ዝቅ አድርጌ ሸፍኜ አስነሣኋት። ፎቶው ሸጋ ነበር። ከወራት በኋላ መልሱ መጣ፤ «ልጄን አየኋት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወፍራለች። ሻሹን ግን አውልቃችሁ አንሷት፤ ሻሽ እኔም ጋ አለ» የምትል ድምፅ። ቴፑን አጠፋሁ። ምን አባቴ ላርግ? ሚስቴ ባሕር ማዶ የሰው ቤት እየጠረገች፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አንድ ራስ መጠበቅ አቃተኝ። ሰፍቼ የምቀጥለው ነገር አይደል። ጨርቅ ሲያጥር እቀጥላለሁ፤ ሲቀደድ እጥፋለሁ። ፀጉር ላይ ግን ምንም ሥልጣን አልነበረኝም።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ የሬት ውሃ ቀባባት አለኝ፤ ቀባኋት፣ ዐይኗ ገብቶ ስታለቅስ ዋለች። አንዷ አብሽ ዘፍዝፈህ አስራት አለችኝ፤ አሰርኩላት፣ ሳምንት ሙሉ አልጋው ሳይቀር አብሽ አብሽ አለ። ሌላው ላጫትና አዲስ ይብቀል አለ። ይህን ያለኝን ሰውዬ ዛሬም ድረስ ሳየው ደሜ ይፈላል። ሚስቴ የሸሸችውን መላጨት እኔ በገዛ እጄ ላመጣባት! የሰው ዐይን በልቷት ነው ያሉም ነበሩ፤ ቁርአን አስቀራሁላት። ራሷ ላይ ግን ባዶው ቦታ እየሰፋ ሄደ።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ቀን መኪናዬ ላይ ነው። አንድ ሰው የጠበበውና ክንዱ ሥር የተቀደደ ኮት አምጥቶልኝ እየጠገንኩ ነበር። ቀዳዳውን ስመለከተው ስፌቱ አልተበጠሰም። ስፌቱ ደህና ነው፤ ጨርቁ ነው ከስፌቱ ዳር ተስቦ ያለቀው። ክር ሲወጠር የሚጎዳው የያዘው ጨርቅ ነው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ በልጄ ራስ ላይ ግን አላየሁትም ነበር። መርፌውን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ እትዬ ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ አላህ ይስጥዎ፤ ትንሽ ላላ አድርገው ይሥሩላት» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ጠብቆ ነው የሚነቀለው መሰለኝ።»

«አንተ ደሞ በመኪና ሱሪ ስለሰፋህ ሹሩባ ልታስተምረኝ ነው? እኔ በዚህ እጄ ስንቷን ሙሽራ ሠርቻለሁ! በል እንካ፣ ራስህ ሥራት!» ማበጠሪያውን ጭኔ ላይ ወረወሩት። በኋላ ታርቀናል፤ በዒድ ሥጋ ተለዋውጠናል። ፀጉሯን ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልነኩም።

እንግዲህ ማን ይሥራት? ሌላ ሴት ጋ ብወስዳት ያው ነው፤ ሁሉም ያጠብቃል። ወንድ ሆኖ የሴት ልጅ ሹሩባ የሚሠራ ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ ሲባልም አልሰማሁ። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በሩን ዘጋሁ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጅቱን ጉልበቴ መሐል አስቀመጥኳት፤ ቴፑን ከፈትኩና የሚስቴን ካሴት ሁለተኛ ገጽ አስገባሁ። «በደረቁ አታበጥሩት» አለች ሚስቴ። ውሃ ነካ አደረግኩበት። «ከጫፉ ጀምራችሁ» አለች። ከጫፉ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሹሩባዬ ጠዋት ገና ቁርአን ቤት ሳትደርስ ተፈቶ አለቀ። ሁለተኛው እስከ ምሳ ቆየ።

ነገሩ በሰፈር ለመሰማት አልዘገየም። መስጊድ ደጅ የተቀመጡት ሽማግሎች ሳልፍ፣ «እንዴት ዋልክ ሹሩባ ሠሪው!» ይሉኛል። «ደህና ነኝ፤ እናንተም ጢማችሁን አምጡ፣ እጎነጉንላችኋለሁ» ብዬ አልፋለሁ። እየሳቅኩ ነው የምለው፤ ግን ጆሮዬ ይግላል። ሰው የሚስቁበትን ነገር የሚለምደው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ነው።

ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። ጠዋት ውሃ ፀሐይ ላይ አኖራለሁ፤ ለብ ሲል በገላ ሳሙና የራስ ቆዳዋን በጣቴ ሥጋ፣ ያለ ጥፍር፣ ቀስ አድርጌ አሻታለሁ። ሳይደርቅ አይሸፈንም፤ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ገበያ ላይ የሚገኘውን ለጋ ቅቤ፣ ያገኘሁ እንደሆነ ሚስቴ የላከችውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጥቂት፣ በጣም ጥቂት። ጉንጉኑን ወፈር፣ ላላ፤ ግንባሯ ዳር ያለውን ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። ማታ ከተረፈኝ የሐር ገበር የሰፋሁላትን ቆብ ታደርጋለች። ዶሮ አረባን፤ እንቁላሉ ለሷ ብቻ። ይህ ሁሉ ጥቂት ነገር ነው፤ አንዱንም ለብቻው ብታየው ምንም አይደለም። የከበደኝ መድገሙ ነው። ዛሬ አድርገህ ነገ ምንም አይታይም፤ ወሩም አልቆ ምንም አይታይም። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል፤ የኔ እንቁላል እየተበላ ነበር የሚሄደው።

ቴፑም እያረጀ ሄደ። መብራት በጄኔሬተር ማታ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበር ቀን በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ሲደክም የሚስቴ ድምፅ እየተጎተተ፣ እየወፈረ የወንድ ይመስላል። አንድ ሐሙስ ልጅቱ አንገቷን አዙራ፣ «አባ፣ እማን አሟታል እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ድንጋዩ ነው» አልኳት። አዲስ ድንጋይ ስናስገባም ድምፁ እንደ ድሮው አልሆነም፤ የካሴቱ ክር ተለጥጧል። ቀስ በቀስ ካሴቱን መክፈት ተውን። ሁለታችንም በቃላችን አውቀነዋል፤ የተናገረችው ሁሉ የእኛ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሐሙስ ፈርቋን ስከፍል፣ ከጆሮ ግንዷ በላይ ባዶው ቦታ ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ ያለ ቀጭን ነገር አየሁ። ዐይኔን ጠራረግኩ። ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አየሁ፤ ፀጉር ነው። ልጅቱን ብድግ አድርጌ ወደ ላይ ወረወርኳት። የዚያን ዕለት ደስታ ከሠርጌ አላሳንሰውም። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጊዜ ነበር። ትከሻዋ ደረሰ፤ ትምህርት ቤት ገባች፤ ጀርባዋ ደረሰ። ገበያ ይዣት ስወጣ ሴቶች ዞር ብለው ያዩ ጀመር። «ማሻአላህ፣ እናቷ ታድላለች» ይላሉ። ከንፈሩን የመጠጠ አንድም ሰው አልነበረም።

ወገቧ ሲደርስ ሻሿን አውልቄ፣ ፀጉሯን ፈትቼ፣ ፎቶ አስነሥቼ ላክሁ። መልሱ ካሴት መጀመሪያ ልቅሶ ብቻ ነው። ቆይቶ፣ «አማናዬን ጠብቀህልኛል፤ አላህ ይጠብቅህ። ማን ነው የሚሠራላት?» አለች። «እኔው ነኝ» ብዬ ቀርጬ ላክሁላት። በሚቀጥለው ላይ ስትስቅ ሰማኋት፤ ቀልድ መስሏታል።

ሚስቴ የተመለሰችው ልጃችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነው። ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ሲቆም አላወቅኋትም፤ ከስታለች፣ ሁለት ጥርሷ የለም። እሷ ግን ከመስኮት ውስጥ ሆና ልጅቱን በፀጉሯ ለየቻት። ወርዳ አቀፈቻት። ልጅቱ ተሳመች፣ ጉልበት ሳመች፣ ሻንጣ ተቀበለች፤ ሁሉንም እንደሚገባ አደረገች። ያስተማርኳትን ሁሉ። ለእንኳን ደህና መጣሽ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶ ሰነበተና ወደየቤቱ ተመለሰ።

ሐሙስ መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ውሃውን ፀሐይ ላይ አኑሬ፣ አጥቤያት፣ ደርቆ ነበር። ሚስቴ ከሻንጣዋ አዲስ ማበጠሪያና ጠርሙስ ዘይት ይዛ ወጣች። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ነይ እስቲ፣ የኔ እናት» አለች። ስንት ዓመት ስታስበው የኖረችው ደቂቃ ይህ እንደሆነ ከፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ሂጂ እንጂ» አልኳት።

ጉልበቷ መሐል ገብታ ተቀመጠች። ሚስቴ ፀጉሩን ዘረጋችው፤ በእጇ መዘነችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ማበጠሪያውን ከመሐል ራስ ላይ ተክላ ወደ ታች ሳበች። ልጅቱ ድምፅ አላሰማችም፤ ዐይኗ ብቻ ውሃ ሞላ። እኔ አልቻልኩም።

«ከጫፉ ጀምሪላት» አልኩ።

ሚስቴ ቀና አለች። «ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?»

«አንቺ ነሻ። በካሴቱ።»

ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «እንዲህ ብዬ ነበር?» አለችና ከጫፉ ጀመረች። እጆቿን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋቸው። በረኪና ልጧቸው፣ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው፣ ፀጉሩ በስንጥቁ እየገባ ይያዝባታል። በአንዱ እጇ ከሌላው ላይ ታላቅቀዋለች። መጎንጎን ስትጀምር አጠበቀች። የሠራችው ድሮ እንደምታውቀው ነው፤ እንደ እናቶች ሁሉ። የልጄ ቅንድብ ወደ ላይ ሲሰቀል አየሁት። «ላላ አርጊው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ እናትን በገዛ ልጇ ራስ ላይ እንዴት ብዬ ላርም? ልጄ ስታመም ዝም ብዬ ማየትም አልችል። በሩ አጠገብ ቆሜ ወይ አልወጣሁ ወይ አልገባሁ። ያን ሁሉ ዓመት ፀጉሩ አልበቅል ብሎኝ ሳለቅስ እንኳ እንደዚያ አቅም አጥቼ አላውቅም።

ልጅቱ አልተነፈሰችም፤ አልተቅለበለበችም። እኔ ስሠራት እግሯን እያወራጨች፣ «አባ ቶሎ በል፣ ደከመኝ፣ ደሞ ያቺ ጠማማ ናት፣ ፍታት» እያለች የምታስመርረኝ ልጅ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እስኪያልቅ ተቀመጠች። ሚስቴ የመጨረሻውን ጫፍ ቋጥራ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገችና፣ «በቃ፣ አለቀልሽ» አለች። ልጄ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ዞር ብላ ጎንበስ አለችና የእናቷን ጉልበት ሳመች።

«አላህ ይስጥልኝ» አለቻት።

ሰው ፀጉሩን ስለሠራችለት የገዛ እናቱን አያመሰግንም። ያለቅሳል፣ ያማርራል፣ ሳያልቅ ተነሥቶ ይሮጣል። አላህ ይስጥልኝ የሚባለው ሥራዋን ትታ ለደከመች ጎረቤት ነው። ሚስቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ወደኔ አየች፤ አንድ ነገር እንድል የምትለምነኝ ትመስል ነበር። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅማ በተሰነጠቀ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ልጇ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች። ቢቸግራት፣ ሌላ ሴት የምትመልሰውን መለሰችላት።

«አሚን» አለች።